ጃዝ በድጓ ምልክት

ሬዲዮ ላይ ጃዝ ሲመጣ ተነሥቼ እዘጋለሁ። ልጆቼ የድሮ ሰው ስለሆነ አይገባውም ይሉኛል። እኔም ዝም እላለሁ፤ የድሮ ሰው መባል እውነቱን ከመናገር ይቀላል። እውነቱ ግን በመካነ ሰላም ከተማ የፖላንድ ጃዝ የት ተወልዶ እንዴት እንዳደገ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢፈለግ ያ ሰው እኔ የነበርኩበት ጊዜ ነበር። ያ እውቀት ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ፍርዱ ለእኔ እንደማያደላ አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎን የፈጀበት ዓመት። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ በደብራችን መሪጌታ ነበሩ፤ ከሳይንትም ከወግዲም ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ የሚመጣባቸው የድጓ መምህር። እኔም እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጾመ ድጓን ጨርሻለሁ፣ ድጓውንም አጋምሻለሁ። የወለዱኝ ቢሆኑም እንደ ሌላው ተማሪ «የኔታ» እንጂ «አባባ» ብያቸው አላውቅም።

ድጓ ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። በግእዙ ቃል ራስ ላይ ደቃቅ ምልክቶች ይጻፋሉ፤ ድምፁን እዚህ ጋ ያዝ፣ እዚህ ጋ ድፋ፣ እዚህ ጋ አርገብግብ እያሉ የሚመሩ። የሚያርገበግበው ርክርክ ይባላል፤ የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው። የእኔ የዘወትር ጥፋት ርክርክ መዝለል ነበር። ዜማው ደስ ካለኝ እቸኩላለሁ፤ ስቸኩል ነጥቦቹን እረሳለሁ። በዚህ የተነሣ የቀመስኩትን አርጩሜ ጀርባዬ ይመስክር። የኔታ አንድ የማይታለፍ ሕግም ነበራቸው፤ ምልክት ለእግዚአብሔር ምስጋና ካልሆነ በቀር ለምንም አይጻፍም። መሬት ላይ በስንጥር ጽፎ የተለማመደ ተማሪ እንኳ ሲጨርስ በእጁ እንጂ በእግሩ አያጠፋውም።

ድጓውን ትቼ አስኳላ ስገባ ይቅር አሉኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ሳጣ ግን የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ ገባሁ። አኮርዲዮን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በየስብሰባው «ወደፊት» እያልኩ ስዘምር ያዩኝ ቀን አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ያስተማርኩህን መልስልኝ።» ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ በመካከላችን ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረም።

በዚያ ክረምት ፖላንዶች በሄሊኮፕተር እህል ያመላልሱልን ጀመር፤ መኪና ወደማይደርስበት፣ ወደ ዓባይ ገደል አፋፍ። ትንሽ እንግሊዝኛ የማውቅ ሆኜ ተገኘሁና አስተርጓሚ ተባልኩ። ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ከተማዋን ጉም ዋጣት። ሜዳው ላይ ያረፈችው ሄሊኮፕተር መነሣት አቃታት። አብራሪዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ሄዱ። መካኒካቸው ግን ሄሊኮፕተሬን ትቼ አልሄድም አለና እህል መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተኛ። እኔም የአስተርጓሚ ሥራዬ ከእሱ ጋር መዋል ሆነ።

ስሙ ያኔክ ይባላል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ራሱ የተመለጠ፣ እጁ ቢታጠብ ቢታጠብ ዘይት የማይለቀው ሰው። ትንሽ ቴፕ ነበረችው። ከምሳ በኋላ ካሴት ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። ሳክስፎን ነው፤ ያንን ለይቼ አወቅሁ። ዘፋኙ መቼ እንደሚገባ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚገባ የለም።

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኩት።

«አይጀምርም። ቃል የለውም» አለኝ።

«ሰው ያለ ቃል ለምን ይዘፍናል?»

ያኔክ ዓይኑን ገልጦ ሳቀ። ከዚያ ጉሙ ሦስት ቀን ያዘን፤ ሦስቱንም ቀን ለዚህች ጥያቄ መልስ ሲሰጠኝ ዋለ። እሱ ልጅ ሳለ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ መንግሥታቸው ጃዝን የጠላት ሙዚቃ ነው ብሎ ከሬዲዮም ከመድረክም አወጣው አለኝ። ልጆቹ ግን አልተዉትም። ምድር ቤት ይገባሉ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዳሉ፣ አንዱን ደጅ ያቆማሉ፣ ከውጭ ሬዲዮ በጆሮ የለቀሙትን ይጫወታሉ። ያኔክ ክላርኔት ይነፋ ነበር። ተይዞ ከትምህርት ቤት ተባርሯል፤ ሙዚቀኛ መሆኑ ቀርቶ መካኒክ የሆነውም በዚሁ ሰበብ ነው። የሞስኮው ትልቅ ሰው ሲሞት እገዳው ላላ። በባሕር ዳርቻ ከተማ የመጀመሪያው ትልቅ የጃዝ በዓል ተደረገ፤ ለዓመታት ምድር ቤት የተደበቀው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ያኔክ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይወፍራል፤ ሕዝቡ እንደዚያ በራሱ ፈቃድ መንገድ ሞልቶ ሲሄድ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም ነበርና። እኔ ያን ጊዜ የማውቀው ሰልፍ ስም ተጠርቶ የሚወጣበትን ብቻ ስለሆነ ነገሩ ተረት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ መንግሥታቸው ብልጥ ሆነ አለኝ። ያንኑ ያባረረውን ሙዚቃ በራሱ ማተሚያ ሸክላ ያትመው፣ ለእንግዳም እዩልኝ ይል ጀመር። ሙዚቀኞቹም የአሜሪካኑን መቅዳት ትተው የራሳቸውን ሐዘን፣ የራሳቸውን ተራራ ዘፈን፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ዜማ ሳይቀር አስገቡበት። ጋዜጣው በሳንሱር ይቆረጣል፣ ቴያትሩ ይቆረጣል፣ ግጥሙ ይቆረጣል።

«ይህን ግን ምኑን ይቁረጡት? ቃል ቢኖረው ቆርጠውት ነበር» አለኝ።

እኔ መቼም ቃል የሌለው ዜማ ሰምቼ አላደግኩም። በእኛ አገር ዜማ የቃል አሽከር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ መንዙማም ቢሆን፣ የኪነት ቡድኑም «ወደፊት» ቢሆን። በሁለተኛው ቀን ግን አንዱ ዜማ ያዘኝ። የያኔክ አገር ተራራ ሰዎች የሠርግ ዜማ ነው፤ አንድ ሳክስፎን ነፊ አንሥቶ ገልብጦታል። መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን ይሄዳል፣ ሁለተኛው ላይ ይዞራል፣ ሦስተኛው ላይ ወርዶ ሆድ ያባባል። የእኛ አራራይ መስሎ ተሰማኝ። በአኮርዲዮን ልይዘው ብሞክር ከእጄ አመለጠ። ያን ጊዜ ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በባዶው ገጽ ሰጠኝ።

ቃል ስለሌለው «ዳ ባ ዱ ላ» እያልኩ ፊደል ደረደርኩ። ከፊደሎቹ ራስ ላይ ደግሞ የድጓ ምልክት ጻፍኩ። ስጽፍ አንዴ ዞር ብዬ በሩን አየሁ፤ የኔታ ቆመው የሚያዩኝ መስሎኝ። ማንም አልነበረም፤ ጻፍኩ። በማግስቱ ካሴቱ ሳይከፈት ከወረቀቱ እያየሁ አዜምኩለት። ያኔክ ከጆንያው ተነሥቶ ቆመ። በአንድ ሺህ ዓመት ምልክት ጃዝ የጻፈ ሰው ዋርሶ ላይ ቢወራ የሚያምን የለም አለኝና እጄን ጨብጦ ነቀነቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ድጓውንም ኪነቱንም ያገናኘሁ፣ የኔታንም ዓለሙንም ያስታረቅኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጉሙ ተገለጠ። ያኔክ ካሴቱን በእጄ አስቀምጦ ሄሊኮፕተሩ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሚሊሻዎች መጥተው ወሰዱኝ። ከኪነት ቡድኑ አንዱ ወዳጄ፣ ከነጭ ጋር ተዘግቶ ሦስት ቀን ዋለ ብሎ ጠቁሞኝ ነበር። ቤቴ ሲፈተሽ ካሴቱም ወረቀቱም ተገኙ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የወረቀቱ ሌላ ገጽ ላይ ምን እንዳለ ልብ ያልኩት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳየው ነው። ሄሊኮፕተሯ የምታርፍባቸው ቦታዎች ስምና ሰዓቱ ነበር፤ አጅባር በዚህ ሰዓት፣ እገሌ አፋፍ በዚህ ሰዓት እያለ። ከበሽሎ ማዶ ወንበዴ ታየ የሚባልበት ጊዜ ነበር። በአንዱ ገጽ የእህሉ ማረፊያና ሰዓት፣ በሌላው ገጽ ሰው የማያነበው ጽሑፍ። እኔ ራሴ ካድሬ ብሆን እጠረጥር ነበር።

ካድሬው ጓድ ጌታሁን ይባላል። የበለጠ መከራ የሆነብኝ እሱ የየኔታ ተማሪ የነበረ መሆኑ ነው። ጾመ ድጓን አጋምሶ ነው የተወው። ሌላ ካድሬ ቢሆን ይህ የደብተራ ጽሑፍ ነው ብሎ ይንቀው ነበር፤ ጌታሁን ግን ለመጠርጠር የሚበቃውን ያህል ያውቃል።

«ምልክቱ የድጓ ነው» አለ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ። «ቃሉ ግን በየትኛውም ድጓ የለም። በምልክቱ ውስጥ የደበቅከው ምንድን ነው?»

ጃዝ ነው አልኩት። ያኔክ የነገረኝን ሁሉ ደገምኩለት፤ አገሩ የወዳጅ ሶሻሊስት አገር መሆኑን፣ ይህንን ሙዚቃ መንግሥቱ ራሱ እንደሚያሳትመው፣ ዱሮ ተከልክሎ እንደነበረ። ይህ የመጨረሻው ባይነገር ይሻል ነበር። ካሴቱን በጽሕፈት ቤቱ ቴፕ ከፍቶ ጥቂት ሰማና ዘጋው። ከዚያ እኔ ከሦስት ቀን በፊት ያልኩትን ቃል በቃል አለኝ፤ «ሰው ያለ ቃል ለምን ይዘፍናል?» ያኔክ ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። እኔ ያለኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በዘጠኝ ሰዓት የጥበቃ መኪና በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ጌታሁንም በእሱ እንደሚልከኝ ነገረኝ። በዚያ መኪና የሄዱ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱም አልተመለሰም፤ የት እንደተቀበሩም የነገረን የለም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ያን ጊዜ አመለጠ። ካሴቱን ያልሰማ ሰው፣ ምልክት የሚያነብ ሰው ይጠራና ከወረቀቱ ያዚም አልኩ። ከካሴቱ ጋር ከገጠመ ዜማ መሆኑ ይታወቃል።

ጌታሁን አሰበበት። «ማን ይጠራ?» አለ።

በከተማው እንደዚያ አይቶ የሚያዜም ሦስት ሰው ነበር። አንዱ የታችኛው ደብር መምህር፣ አንዱ ዓይናቸው የደከመ አረጋዊ ደብተራ፣ ሦስተኛው አባቴ። እኔም «የኔታን ያስጠሩ» አልኩ። ለምን እሳቸውን? ከሁሉ የበለጡ ስለሆኑ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግን ሌላም ነበረበት። በሞት ደጃፍ ቆሜም ቢሆን ያንን ዜማ እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነበር። የጻፍኩትን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር። ይህንን የምነግራችሁ ዛሬ ነው፤ ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

የኔታ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደረሱ። ፍልሰታ ነውና ከሌሊት ጀምሮ ቆመው ያደሩ፣ ውኃ ያልቀመሱ፣ ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ የተጠሩ ናቸው። ካፊያው ጋቢያቸውን አርሶታል። ሲገቡ ጌታሁን ሳያስበው ብድግ አለ፤ ከዚያ አፍሮ ተቀመጠ። ነገሩን ግን አልሸሸገም። ልጅዎ በዚህ ተጠርጥሯል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ዜማ ከሆነ ይቀራል፣ ዜማ ካልሆነ መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል አላቸው። ወረቀቱን ሲያቀብላቸው ከእጁ አምልጦ እግሩ ሥር ወደቀ። ጌታሁን እሳት እንደነካው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። ካድሬም ቢሆን የየኔታ ተማሪ ነበርና ምልክት በእግር አይነካም።

የኔታ ጎንበስ ብለው አነሡት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄዱና ብዙ ቆዩ። ከላይ ወደ ታች አነበቡት፣ ተመልሰው ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ይህ የምን ምስጋና ነው?»

«ምስጋና አይደለም፣ የኔታ።»

«ታዲያ?»

«የፈረንጅ ዘፈን ነው። የሠርግ።»

«ምልክቱን ማን አስተማረህ?» አሉ ቀጥለው። የሚያውቁትን ለምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል፤ ከእኔ አፍ እንዲወጣ ነው። «እርስዎ» አልኩ።

ጌታሁን ሰዓቱን አየ። «የኔታ፣ ያዚሙት ወይም አላዜምም ይበሉን» አላቸው።

የኔታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሁለት እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንሥተው ጥምጥማቸውን ይፈቱ ጀመር። ዙር በዙር፣ ሳይቸኩሉ። ከተወለድኩ ራሳቸውን ገልጠው ያየኋቸው ሲታጠቡ ብቻ ነው። ነጩን ጨርቅ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሽበታቸው ታየ፤ ከማውቃቸው በላይ ያረጁ ሰው ሆኑብኝ። ያን ጊዜ የኔታ ሆይ ይተዉት፣ መኪናው ይውሰደኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ መኖር ፈልጌ ነበር።

ወረቀቱን አንሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዝቅ ካለው ድምፅ ጀመሩ።

የመጀመሪያው መስመር ሜዳ ሜዳውን ሄደ፤ ልክ ነው። ሁለተኛው ዞረ፤ እሱም ልክ ነው። ያን የመሰለ ድምፅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሳክስፎኑ ውስጥ የነበረው ሐዘን ሁሉ በአንድ ጾመኛ ሽማግሌ ጉሮሮ ይወጣ ነበር። ሚሊሻው በሩ ላይ ጠመንጃውን ተደግፎ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛው መስመር ላይ እኔ የጻፍኩት ድፋት ብቻ ነው፤ ድምፁ ወርዶ እንዲያርፍ። የኔታ ግን አላረፉም። ከወረደ በኋላ ያርገበግቡት ጀመር።

ወረቀቱ ላይ የለም፤ ርክርክ አልጻፍኩም። ከልማዳቸው ጨመሩበት፣ የቤተ ክርስቲያን አደረጉት፣ አበቃልኝ አልኩ። ዓይኔ ጌታሁን ፊት ላይ ተተከለ። የኔታ ጨርሰው ወረቀቱን መለሱና ቆሙ።

ጌታሁን ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ከፈተ። ድንጋይ ጨርሷልና ድምፁ ይጎተታል። የመጀመሪያው መስመር አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሳክስፎኑ ወረደ፤ ወርዶም አላረፈም። ልክ የኔታ ባርገበገቡበት ቦታ፣ ልክ እንደሳቸው ተርገበገበ። ሦስት ቀን ስሰማው ውዬ የዘለልኩትን ነጥብ እሳቸው ሳይሰሙት ከቦታው አስገብተውታል።

ጌታሁን ካሴቱን ዘጋው። «ዜማ ነው» አለ። ወረቀቱንም ካሴቱንም መሳቢያው ውስጥ ከተተ። ከኪነትም ከአስተርጓሚነትም መባረሬን ነግሮኝ ውጣ አለኝ። መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ያለእኔ ሄደ።

የኔታ ጥምጥሙን አልጠመጠሙትም። በብብታቸው ይዘው በካፊያው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የገበያ ቀን ነበር። የደብሩ መሪጌታ ራሳቸውን ገልጠው በፍልሰታ ጾም በገበያ መሐል ሲያልፉ ሰው ሁሉ እያየ መንገድ ለቀቀ። አንዲት የእስላም እናት ሰው የሞተባቸው መስሏት «አብሽሩ አባባ» አለቻቸው። እሳቸውም «አሜን» አሏት። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ ወደ ደብሩ ይታጠፋሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቅዳሴው ገና ነበር። ወደ ቤት ታጠፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅኔ ማኅሌት አልገቡም። ካህናቱ ተሰብስበው መጡ፤ ነፍስ ለማዳን የተደረገ ነው፣ አይቆጠርብዎትም አሏቸው። የንስሐ አባታቸው ጥቂት ስግደት ሰጧቸው፤ እሱንም አደረሱ። ግን እንደ ማንኛውም ምእመን ከአጥሩ ሥር ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። ተማሪዎቹ እስከ መስቀል ጠበቁ። ከመስቀል በኋላ አንድ በአንድ አኮፋዳቸውን እያነሡ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ስንት ዘመን የዜማ ድምፅ ያልጠፋበት ግቢያችን ዝም አለ። እናቴ ዶሮ ሲጮኽ ትደነግጥ ነበር።

ዓመት ሲሞላ፣ ፍልሰታ ሲገባ፣ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በእኔ ምክንያት አይቅሩ፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ ካህናቱም ፈትተውዎታል አልኩ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ርክርክ መዝለልህን መቼ ነው የምትተወው?» አሉኝ።

«የኔታ?»

«ሦስተኛው ላይ። ዜማው ራሱ ርክርክ ርክርክ እያለ ይለምናል፣ አንተ ድፋት ጽፈህ አለፍክ። አውቅሃለሁ፤ ሲጥምህ ትዘላለህ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ካህናቱ ስለ ዘፈኑ ፈቱኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘፈኑን አይደለም የፈራሁት። ጣፈጠኝ፣ ልጄ። ማኅሌት ልቆም ጸናጽሉን ሳነሣ እሱ ይመጣብኛል። ዓመት ሙሉ እያረምኩት ነው፤ ሁለተኛውንም አርሜዋለሁ፣ ሦስተኛውንም አርሜዋለሁ፣ አሁን ቀርቶታል የምለው የለም። በዚህ አፍ ምን ብዬ ልቁም?»

ልጄ ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥተው ገቡ። ደርግ ሳይወድቅ ዐረፉ። ሲገነዙ ጥምጥማቸውን እንዳያደርጉላቸው ተናዘው ነበርና ራሳቸውን እንደገለጡ ተቀበሩ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ያኔክ ያለኝ እውነት ነው፤ ያ ሙዚቃ ቃል ሲቆረጥበት ለኖረ ሕዝብ መተንፈሻ ሆኖታል፤ በምድር ቤት ተደብቆ ቆይቶ አደባባይ ወጥቷል። የእኛን የኔታ ግን ከአደባባያቸው አውጥቶ አጥር ሥር አቆማቸው። ሙዚቃውን አልከስም። ጌታሁንን መክሰስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ከስሼዋለሁ፤ ግን እግሩን ሲሰበስብ ስላየሁት አፌን ሞልቼ አልሰድበውም። ጠቋሚው ወዳጄ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሰላም እንባባላለን።

ብዙ ዓመት ራሴን የበላሁት በሌላ ነገር ነበር። ሦስት ሰው እያለ ለምን እሳቸውን አስጠራሁ? የታችኛውን ደብር መምህር ባስጠራ ምን ነበረበት እያልኩ። አንድ ቀን፣ ሸምግዬ፣ መልሱ መጣልኝ። የታችኛው ደብር መምህር ቢጠሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ያዜሙ ነበር፤ ድፋቱን ደፍተው ያርፋሉ። ካሴቱ ግን ይርገበገባል። አይገጥምም። መኪናው እኔን ይዞ በአቀስታ ይሄዳል። ያልጻፍኩትን አንብቦ ሊያድነኝ የሚችለው፣ በልጅነቴ የት የት እንደምዘል እየቆጠረ የገረፈኝ ሰው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ሰው በጠራሁ ብዬ እንኳ መጸጸት አልችልም። ልጆቼ አይገባውም ቢሉኝም ሬዲዮኑን እዘጋለሁ፤ ሦስተኛው መስመር ሳይደርስ።